አባቴ ያወለቀው ማስክ

«ማነው ማስኩን ያወለቀበት?»

ቀድሜ የሰማሁት ድምጿን ነው፤ ከኮሪደሩ፣ እንደታፈነ ነጎድጓድ። ከዚያ ነርሷ ገባች። ከዐይኖቿ በቀር ምንም አይታይም። ልቤ ግን ለሁለት ዐይን ብቻ ድንግጥ አለ!

ታላቅ ወንድሜ አልጋው ላይ ያስላል። ቲቢ ነው፤ መድኃኒቱን የተላመደ። ጠያቂ በመጣ ቁጥር አባቴ ማስኩን ከፊቱ ያነሣለታል፤ «ብርድ ይመታዋል» ብሎ መስኮቱንም ይዘጋል።

«ልጄ ሌባ ነው ፊቱን የሚሸፍነው?» አላት።

«አባባ፣ በሽታው በትንፋሽ ነው የሚሄደው። የእኔ ማስክ ላስቲኩ ላልቷል፤ ቅያሪ የለንም። እኔን የሚያተርፈኝ የእሱ ማስክ ነው።»

«እንዲህ ከፈራሽ ሱቅ አትከፍቺም ነበር?»

ጠያቂዎቹ ሳቁ። እሷ መስኮቱን ከፍታ ወጣች። ተከትያት ሮጥኩ።

«ይቅርታ… አባቴ ተጸይፋናለች እያለ ነው።»

«ብጸየፋችሁማ ጠዋት ጠዋት ምን ያመጣኛል?»

ከዚያ ወዲህ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር እጠብቃት ጀመር።

«ፊትሽን ሳላየው ልሙት?» አልኳት አንድ ቀን።

«አይተኸው ከምትሞት ሳታየው ኑር» ብላ ሳቀች። ደግሞ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ራቅ ብላ ማስኳን አወለቀች። የማስኩ ሽቦ አፍንጫዋ ላይ ቀይ መስመር አስምሯል። ያን መስመር ወደድኩት…

«ላግባሽ?»

«አባትህ እሺ ካሉ።»

አባቴ ግን ጭራሽ በገነ። «ልጄን እንደ ወንጀለኛ የሸፈነች ሴት ቤቴን አትረግጥም!»

ወንድሜ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ። ደም አንቆት ሲያጣጥር ቀና አድርጋ የያዘችው እሷ ናት። አባቴ ያን ቀንም ማስኩን አውልቆለት ነበር፤ ጠያቂ ይመጣል ብሎ።

ከወራት በኋላ እሷ ራሷ ማሳል ጀመረች። ያው በሽታ። እዚያው ክፍል አስተኟት።

«ያቺ ነርስህ የት ገባች? ስሟን ማንሣት ተውክ» አለኝ አባቴ። ነገርኩት። ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ። በማግስቱ አብሮኝ መጣ።

በረንዳው ላይ ተቀምጣለች፤ ከስታ ልብሷ ሰፍቷታል። ስታየው ልትነሣ ሞከረች።

«አትነሺ» አላትና ከፊቷ ካለው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። «ከማን ያዘሽ?»

ዐይኖቿ እኔ ላይ አረፉ። ቶሎ ብላ መሬት መሬት አየች።

«ማን ያውቃል አባባ? አየር ስም የለውም።»

ልትደብቅለት እንደሆነ ገባው። የአባቴ ከንፈር እንዲህ ሲንቀጠቀጥ ወንድሜን ስንቀብር እንኳ አላየሁም።

«ምራቴ» አላት። «እግዜር ይማርሽ።»

«ሰማህ?» አለችኝ፣ እንባዋ ማስኳን እያራሰው።

«ሰማሁ።»

አባቴ ተነሣ። ባርኔጣውን ወንበሩ ላይ ረስቶ፣ ሌባ ብቻ ይሸፍነዋል ያለውን ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ፣ ወዴት እንደሚሄድ ለማናችንም ሳይናገር፣ በሆስፒታሉ ትልቅ በር ወጣ።