ዘመኔን አጣጥፌ አስቀምጫለሁ

የትርጉም ቤቱ ዋና አርታኢ ጠዋት ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው የተጋመሰ ሻይ ነበር። ሻዩ ውስጥ ሐኪም ያዘዘላቸው የልብ ጠብታ ከልክ በላይ ተጨምሮበታል። ኮምፒውተራቸው ላይ ደግሞ አንዲት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር፦ «አይ ሃቭ ፎልድድ አዌይ ማይ ዴይስ።» ዘመኔን አጣጥፌ አስቀምጫለሁ እንደ ማለት ነው።

«ራሳቸውን አጥፍተዋል፤ በቃ» አለ ፖሊሱ።

መርማሪዋ መልስ ሳትሰጠው የሟቹ ልጅ ክንዷን ያዘቻት። ዓይኗ ደም መስሏል። «አባዬ ራሱን አጠፋ ተብሎ እንዳይቀበር፤ እባክዎ!»

ቢሮው ተዘጋ፤ ማንም እንዳይወጣ ተባለ። ጠዋት ከሟቹ ጋር ቢሮ የገቡት ሦስት ናቸው፦ ምክትላቸው፣ የውል ተርጓሚውና የመድኃኒት መግለጫ ተርጓሚዋ። መርማሪዋ ለየብቻ ጠርታ ዓረፍተ ነገሯን አሳየቻቸው። እንግሊዝኛ እንዲህ ይጻፋል ወይ?

«ኧረ በፍጹም!» አለች የመድኃኒቷ። «የሚታጠፍ ልብስ ነው።»

«ግጥም ላይ ያስኬድ ይሆናል» አለ የውሉ ራሱን እያከከ። «ግን ጋሼ ትናንት እንደዚያ ተቆጥተው… የደንበኛ ምስጢር ለተፎካካሪ የሚሸጥ አለ፣ ነገ ስሙን እጠራለሁ ያሉ ሰው እንዴት ራሳቸውን ያጠፋሉ?»

ምክትሉ መሐረቡን ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ «የጋሼ አጻጻፍ ነው፤ ቁልጭ ያለ እንግሊዝኛ» አለ።

መርማሪዋ ብው አለች። ሦስት አዋቂ፣ ሦስት መልስ! የእሷ እንግሊዝኛ ከትምህርት ቤት የተረፈች ናት፤ ማን ልክ እንደሆነ በምን ትወቀው? መዝገበ ቃላት አገላበጠች፣ በይነመረብ ፈተሸች፤ አንዱ ይባላል ይላል፣ ሌላው አይባልም። «እንዲህ ያለውን ሥራ እሳት ይብላው!» ብላ መዝገበ ቃላቱን ወረወረችው።

ልጅቷ አንስታ አቀበለቻት። «አባዬም እንደዚህ ይናደድ ነበር። ለዛ ነው ብይን የሚባለውን ያመጣው።»

«የምን ብይን?»

«በየጠዋቱ አጠራጣሪ ዓረፍተ ነገሮችን፣ ማን እንደጻፋቸው ሳይናገር ያነብላቸዋል። የተስማማው ብዕሩን ያነሳል፣ ያልተስማማው ይዘቀዝቃል። የጻፈው ግን በራሱ ሥራ አይፈርድም፤ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ስንት ዓመታቸው! እጃቸው ሳያስቡት ነው የሚሄደው።»

መርማሪዋ ቀና ብላ አየቻት።

ሦስቱ ትልቁ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰቡ። «ጋሼ ለዛሬ ያዘጋጁትን ልጃቸው ታንብብላችሁ» አለች መርማሪዋ። «የመጨረሻቸው ነው።»

ልጅቷ ቶሎ ቶሎ አነበበች። ብዕር ተነሳ፣ ብዕር ተዘቀዘቀ፤ ከውል ሲነበብ የውሉ ሰውዬ አስቀመጠ፣ ከመድኃኒት ሲነበብ ሴትዮዋ። በመሀል ድምጿን ሳትለውጥ ያችን የኮምፒውተሩን ዓረፍተ ነገር አነበበች። የመድኃኒቷ ዘቀዘቀች። የውሉ እያመነታ አነሳ። ምክትሉ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወዲያው አፈፍ አደረገው፤ ግን ሁሉም አይቷል።

«ድ… ድንገት ነው!»

«ቅድም የጋሼ አጻጻፍ ነው ብለውኝ ነበር» አለች መርማሪዋ። «የሌላ ሰው ከሆነ ለምን አልፈረዱም? እኔም ቀኑን ሙሉ ያስኬዳል አያስኬድም ስል በከንቱ ተቃጠልኩ። ጋሼ አጠራጣሪ ነገር ለሰው ሳያነቡ አይለቁም፤ ይቺን ግን ለማንም አላነበቡም። ስለዚህ የሳቸው መሆኗን ተጠራጠርኩ። የማን እንደሆነች እጅዎ ነገረን። እጅ ብቻውን ፍርድ ቤት አያሳምንም፤ መሳቢያዎን ግን ያስከፍታል።»

ፖሊሱ ከፈተው። ባዶው የጠብታ ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተገኘ፤ ቢሮው ስለተዘጋ የሚጥልበት አላገኘም።

«ዛሬ ስሜን ሊጠሩ ነበር» አለ ምክትሉ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ሲወስዱት የመድኃኒቷ እያለቀሰች ጠየቀች፦ «ቆይ፣ እንግሊዝኛው ግን ያስኬዳል?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለች መርማሪዋ።

ልጅቷ የአባቷን ቀይ እስክሪብቶ አነሳች። ያነበበችበት ወረቀት ላይ ያችን ዓረፍተ ነገር ከዳር እስከ ዳር ሰረዘቻት፤ ጠርዙ ላይም በአባቷ አጻጻፍ «የኔ አይደለም» ብላ ጻፈች። ከዚያ፣ የጻፈችው እሷ ናትና፣ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።