ከሦስተኛው ዘፈን በኋላ

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። አንዲት ቃል ከጨመርኩበት ምላሴን ይቁረጠው!

አውቃለሁ፣ የሚያውቁኝ "እሱ ሰውዬ ዝንቧን ዝሆን ያደርጋታል" ይላሉ። ሌላውን ወሬዬን እንደፈለጋችሁ አድርጉት። ይህችን ግን እመኑኝ።

ጨለማ አልነበረም። እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ በገዛ ሳሎኔ ውስጥ። ፀሐይዋ ሶፋው ላይ ተንጋላለች...

በጉርምስናዬ፣ በዘጠናዎቹ፣ አልተርኔቲቭ ሮክ የሚሉትን ነገር በሰፈራችን ከእኔ በፊት የሰማ አልነበረም። ፀጉሬ ወገቤ ደርሶ... እሺ፣ ጆሮዬን ሸፍኖ ነበር። "ነጎድጓድ" ነበር የምባለው። ስሙን ያወጣሁት ራሴ ብሆንስ?

ጓደኛዬ ደግሞ "ሽቦ" ነበር። ከቅጥነቱ የተነሳ ጎኑን ሲያዞር ይጠፋል።

የምናብድለት አንድ አልበም ነበር። ጊታሩ እንደ መጋዝ ይጮሃል። ዘፋኙ ግማሹን ያለቅሳል፣ ግማሹን ይራገማል። ቃሉ አይገባንም፤ ስለ እኛ እንደሚዘፍን ግን አንጠራጠርም ነበር።

ካሴቱ የሰው ነው። ማገናኛ ገመድ የለን! ሁለት ቴፕ ፊት ለፊት አፋጥጠን፣ በር ዘግተን ነበር የምንቀዳው። ያሳለም ያስነጠሰም ዘፈኑ ላይ ይገባል።

ያንን አልበም እኔና ሽቦ አብረን ቀዳነው። "የሽቦ ድምፅ አለበት" እያልኩ ስንት ሰርግ ላይ አውርቼዋለሁ! ብዙም ሳይቆይ ሽቦን ትኩሳት ወሰደው።

ባለፈው ሳምንት ታላቅ እህቱ ወሬው ደርሷት ደወለችልኝ።

"ድምፁ አለህ አሉ?"

"እትዬ፣ አጠገብሽ የተቀመጠ ነው የሚመስልሽ!"



"ፊቱን አስታውሳለሁ" አለች። "ድምፁ ግን... ጠፋብኝ።"

እሁድ አስር ሰዓት ልትመጣ ተቀጣጠርን።

እውነቱን ለመናገር ካሴቱን ከሰማሁት ስንት ዘመን አልፏል። ቃል ከገባሁ በኋላ ፈራሁ። ባይኖርስ? ከሰፈራችን ቴፕ ጠጋኝ ማጫወቻ ተውሼ፣ እሷ ሳትመጣ ልሞክረው ተቀመጥኩ።

ሦስተኛው ዘፈን አለቀ። ፀጥታ። ወንበር ሲንቋቋ... ከዚያ ሳል።

የሽቦ ሳል! ዓይኔን እንባ ሞላው። ወደ ኋላ መለስኩት።

ወንበር። ሳል። ከዚያ ሹክሹክታ።

"ማነው?"

ይቺ ቅድም አልነበረችም።

ደግሜ መለስኩት።

"ማነው? በሩ ላይ... ማነው?"

ከዚያ ተንኳኳ። ኳ... ኳ... ኳ...

ቴፑን አጠፋሁት።

ማንኳኳቱ አልቆመም!

ጮህኩ። ኧረ እንደ ሴት ልጅ አልጮህኩም፤ እንደ አንበሳ ነው የጮህኩት።

"ምን ሆነሃል? እኔ ነኝ እኮ" አለች እትዬ፣ ከበሩ ውጭ።

ገባች። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ኮቷን እንኳ አላወለቀችም።

"አሰማኝ።"

ካሴቱን ወደ ኋላ መልሼ ከፈትኩት። ሦስተኛው ዘፈን አለቀ። ወንበር። ሳል። "ማነው?" ሲል እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"እሱ ነው" አለች በሹክሹክታ። "እሱ ራሱ ነው።"

ማንኳኳቱ መጣ። ከእሱ ቀጥሎ፣ እኔ ፈጽሞ ያልሰማሁት...

"እህቴ... ክፈቺለት።"

 ግን እኔ ነኝና ዝም አላልኩም።

"አየሽ እትዬ፣ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ነኝ፣ እሱ ቴፑ ጋ ነው። አንቺ ለካ በረንዳው ላይ ነበርሽ! ሳቄ ሲመጣ በቁንጥጫ..."

እስክጨርስ ጠበቀችኝ። አልተቆጣችም። ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም።

"ወንድሜ፣ ያንን ካሴት የቀዳሁት እኔ ነኝ። ታሞ ሳለ 'ለነጎድጓድ ቅጂለት' ብሎኝ ነበር። በእናትህ እጅ ላክሁልህ።"

"እና... የሚያንኳኳው ማነው?"

"አንተ ነሃ። እያለቀስክ ታንኳኳ ነበር። የሰው ፊት ማየት አቅቶኝ አልከፈትኩልህም።"

ቴፑን አየችው። አራተኛው ዘፈን ጀምሯል፤ ሁለታችንም አልሰማነውም።

"ያኔ እንዲህ ሲለኝ ሰምቼው ቢሆን እከፍትልህ ነበር" አለች። "ግን ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። እሱን ከቀበርነው ሳምንት አልፎት ነበር።"