ጥላቸው የከዳቸው አረጋውያን

በሰልመና መንግሥት፣ የሐይቁ ውኃ ከሰማዩ ይልቅ በሚጠራበት ወር፣ በእኩለ ቀን የአረጋውያኑ ጥላ ከእግራቸው ሥር ተነሥቶ ሄደ። ጥላዎቹ እንደ ጉም እየተግተለተሉ ወደ ሐመር ተራራ ሲያዘግሙ ሕዝቡ ቆሞ አየ። አረጋውያኑ ግን በየደጃፋቸው ተቀምጠው ፈገግ እንዳሉ ነበሩ።

ምክንያቱ የሰመመን አበባ ጠል ነው። አጥንታቸውን ሲጠዘጥዛቸው መጀመሪያ አንድ ጠብታ ይቀምሱ ነበር፤ ሕመሙም ይተኛል። ዓመት ሳይሞላ ጠብታዋ ሰባት ሆነች። ያኔ ከሕመሙ ጋር የልጆቻቸው ስምም አብሮ ተኛ።

የንጉሡ ፈጣን መልእክተኛ ናርዲት አያቷ ፊት ተንበረከከች። እሜቴ ጎራዲት በወጣትነታቸው የምሥራቁን በር ብቻቸውን የጠበቁ ጀግና ናቸው፤ ያኔ ዳሌያቸውን የወጋቸው ጦር እስከ እርጅናቸው ሲያሰቃያቸው ኖሯል።

«እሜቴ፣ እኔ ነኝ» አለቻቸው።

«ደግ ልጅ ትመስያለሽ። የማን ነሽ?» አሏት።

ናርዲት ጉልበታቸውን ስማ ተነሣች። «ጥላዎን ሳልመልስ ብቀር የሰልመና አፈር አይቀበለኝ» ብላ ማለች።

መንገዱን የሚመራት ዘውማ የሚባል አረጋዊ ነበር። እሱም ጠሉን ለምዶ፣ በየወሩ አንዳንድ ጠብታ እየቀነሰ የተላቀቀ ሰው ነው። ብርማ ዓሦች በአየር ላይ የሚዋኙበት የእንቅልፍ ሸለቆ ሲደርሱ የአበባው ሽታ አወዳቸው። ዘውማ ወደ አበባው አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ።

«ልጄ፣ ከራስሽ ጋር እሰሪኝ። አሁን ራሴን አላምነውም» አላት።

በመቀነቷ አስራው ተሻገሩ።

በተራራው አናት የጥላዎቹ ጠባቂ፣ አስቃል የተባለችው ነጭ ወፍ፣ ክንፏን ዘርግታ ጠበቀቻቸው።

«ጥላ ያለ ሕመሙ አይመለስም» አለች። «ያ ሁሉ ሕመም በአንዴ ቢነቃ ግን አሮጊቷን ይገድላቸዋል። ግማሹን የሚሸከምላቸው ሰው አለ?»

«አለሁ።»

«ዳግመኛ አትሮጪም።»

ናርዲት ከታች እንደ ክር የተዘረጉትን፣ እግሯ የሚያውቃቸውን መንገዶች ረዘም ላለ ጊዜ አየቻቸው። «እንግዲያው ቀስ ብዬ እመለሳለሁ» አለች።

በሦስት ቀን የወጣችውን ተራራ በሃያ ቀን ወረደችው። ቀድሟት የደረሰው ዘውማ ወሬውን ስላዳረሰ፣ የሌሎቹ አረጋውያን ልጆች የወላጆቻቸውን ሕመም ሊሸከሙ ሲወጡ በመንገድ አገኘቻቸው።

የእሜቴ ጎራዲት ጥላ ወደ እግራቸው ሥር ተመልሶ፣ እሳቸውም ነቅተው እያቃሰቱ ነበር። ዘውማ ጠሉን ጨርሶ አልከለከላቸውም፤ አንዲት ጠብታ በለብ ያለ ውኃ ሰጥቷቸው የጠሉን ብልቃጥ ራሱ ጋ አስቀረ። ዳሌያቸውንም በሞቀ ጨርቅ ጠቀለለው።

«ናርዲት» አሉ ገና ከበሩ ሲያዩዋት። «እግርሽ ምን ሆነ?»

«ቁልቁለቱ ላይ አደናቀፈኝ፣ እሜቴ።»

አሮጊቷ አነካከሷን አዩ። ከዚያ ጠጋ አሉላትና ከጨርቁ ግማሹን ፈትተው የልጅቷን ዳሌ አለበሱት።