ከዓይኑ ጀርባ ያለው ብረት

ለሆስፒታሉ ኦክስጅን የሚያመጣው ሾፌር ሲሊንደሩን እያንከባለለ ወደ ምርመራ ክፍሉ መጣ። ቴክኒሻኗ አጠገብ ሲደርስ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ።

«እንግዳው በር ላይ ነው» አላት ቀና ሳይል። «ጋሼ ትእዛዙን ቀይሮታል። ሲቲ ስካኑ ይቅር፣ በቀጥታ ኤምአርአይ ይግባ ብሏል።»

«ሲቲው ይቅር?»

«እንደዛ ነው ያለው። ሰውየውንም ምንም እንዳትጠይቂው።»

ሲሊንደሩን ይዞ አለፈ።

መርፌ እጇን ታጠበች። «መርፌ» የሚስጥር ስሟ ነው። ሆስፒታሉ የሚያውቃት ዝምተኛዋ የምርመራ ክፍል ቴክኒሻን ብሎ ነው። ሙያውን ለሽፋን ብላ ተማረችው፤ እያደር ግን ከስለላው ይልቅ እሱ ሥራዋ ሆነ።

«እንግዳው» የቀድሞ የእስር ቤት አዛዥ ነው። በእሱ ዘመን ብዙ እስረኛ ወጥቶ ቀርቷል። የሾፌሩ ታላቅ ወንድም አንዱ ነው። የት እንደተቀበሩ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ፊቱን አሠርቷል፣ ስሙን ለውጧል። ያልተለወጠች አንዲት ነገር አለች፤ ከግራ ዓይኑ ጀርባ የቀረች የቦምብ ፍንጣሪ። የድሮው ራጅ ጉዳዩን በያዘው ዐቃቤ ሕግ እጅ ይገኛል። አዲሱ የሲቲ ምስል ከእሱ ጋር ከገጠመ፣ ሰውየው ከነሕይወቱ ይያዛል። ተልእኮው ይኸው ነበር።

ኤምአርአይ ግን ግዙፍ ማግኔት ነው።

ፍንጣሪዋን ከቦታዋ ከነቀላት ዓይን ይጠፋል። ከባሰም ሰው ይሞታል። ሬሳ ደግሞ አይመሰክርም።

ጋሼ ይህን አሳምሮ ያውቃል። የመለመላትም ያሠለጠናትም እሱ ነው። ሰውየው አፉን ቢከፍት መጀመሪያ የማንን ስም እንደሚጠራ አሁን ገባት። መደንገጥ ነበረባት። አልደነገጠችም። ከሆነ ጊዜ ወዲህ ምንም ነገር ውስጧ ዘልቆ አይገባም።

ራሱን እያመመው፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ እያየ ለምርመራ የተላከው እንግዳ በተሽከርካሪ ወንበር ገባ። የሚገፋው «የእህታቸው ልጅ ነኝ» የሚል ጎረምሳ ነው። አንገቱ ከወንበሩ ይወፍራል።

«አባት፣ በሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ? ጥይት፣ ፍንጣሪ፣ ብሎን?»

«የለም።»

«ለደንብ ያህል አይደለም የምጠይቅዎ። ማሽኑ አይምርም።»

ግንባሩን አላበው። «የለም አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።»

እውነቱን ቢናገር ይታወቃል። ቢዋሽ ይሞታል። መዋሸቱን መረጠ።

መርፌ ምስል ወደምታነበው ዶክተር ክፍል ሄደች።

«ዶክተር፣ ግራ ቅንድባቸው ስር ጠባሳ አለ። ብረት የለኝም ቢሉም አላመንኳቸውም። ሲቲ እናስቀድም።»

ዶክተሯ መነጽሯን አወለቀች። «ከተጠራጠርሽ አስቀድሚ። ማግኔት ይቅርታ አያውቅም።»

ምስሉ ቁራጭ በቁራጭ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ከግራ ዓይኑ ጀርባ ፍንጣሪዋ ነጭ ሆና አበራች።

«ጉድ ነው! የለም ያለው ይሄን ነው?» አለች ዶክተሯ። ከዚያ ጣቷን ወደ ላይ አነሳች። «ደግሞ እዚህ ጋ እይ። በራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል ደም አቁሯል። ወድቆ ነበር ማለት ነው። ራስ ምታቱም፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየቱም ከዚህ የመጣ ነው። ዛሬውኑ ቀድደው ካፈሰሱለት ይድናል። ይህንን ተራ ራጅ ከየት አባቱ ያመጣዋል?»

ሰውየውን ወደ ቀዶ ሕክምና ወሰዱት። መርፌ ምስሉን ሲዲ ላይ ገለበጠችው።

ስልኳ ጠራ።

«ገባ?» አለ ጋሼ።

«ገባ።»

«እና?»

«አልተነሳም።»

«ጎበዝ ልጄ።»

ዘጋችው። ዞር ስትል ጎረምሳው የቀዶ ሕክምናውን በር እያየ ስልክ ያወራል፤ «አልሞተም፣ ጋሼ» ሲል ሰማችው።

የጋሼ ሰው ነው።

ሾፌሩን ጓሮ፣ መኪናው ጋ አገኘችው። ሲዲውን አቀበለችው።

«ለጋሼ አይደለም። ለዐቃቤ ሕጉ፣ እጅ በእጅ።»

«ጋሼ ከድቷል ነው የምትዪኝ?»

«ድሮም የእኛ አልነበረም።»

«ወይ ጣጣ!» ሲዲውን ብብቱ ስር ሸጎጠ። «አድርሼ መጥቼ እወስድሻለሁ።»

«እንዳትመለስ።»

«ባዶ ሲሊንደሮቹን ማን ሊጭናቸው ነው? በዚህ ክንድሽ አንቺ?» ሳቀባት። ሞተሩን አስነሳ።

ከሰዓት በኋላ ሁለት የማታውቃቸው ሰዎች የሰውየው አልጋ አጠገብ ቆመው አየች። ከዐቃቤ ሕጉ የተላኩ ነበሩ። ሲዲው ደርሷል። ጎረምሳው የለም።

ወዲያው አንድ ስትሬቸር እየተንጋጋ መጣ።

«ኦክስጅን የሚያመጣልን ልጅ ነው እኮ!» አለች ነርሷ እያለከለከች። «በራችን ላይ መኪና ገጭቶት አመለጠ!»

ሾፌሩ ነበር።

መርፌ ጭንቅላቱን ማሽኑ ላይ አስተካከለች። «አይዞህ፣ እንዳትንቀሳቀስ» አለችው፣ ለሁሉም እንደምትለው። የሚንቀሳቀስ ሰው አልነበረም።

ምስሉ ወጣ። ለማንበብ ዶክተር አላስፈለጋትም። ደሙ ያልደረሰበት ቦታ የለም፤ አንጎሉ በሙሉ ወደ አንድ ጎን ተገፍቷል።

ዶክተሯ መጥታ ምስሉን አየችው። «ይህ ለቢላ የሚሆን አይደለም» አለች። «ታውቂዋለሽ?»

«ሲሊንደር ሲያመጣ አየዋለሁ።»

ይህን ብቻ አለች። አልጋውን አጸዳች፣ ቀጣዩን ታካሚ ጠራች። ከሥራ ስትወጣ ነጭ ጋወኗን መስቀያው ላይ ተወችው።

ሰውየው ከቀዶ ሕክምናው አእምሮው ጠርቶ ነቃ። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ሲያሳዩት ብዙም አልተከራከረም። ጋሼ በዚያው ሳምንት ከቤቱ ተወሰደ። ሰውየው እስረኞቹ ወደተቀበሩበት ቦታም መራቸው፤ ተቆፈረ፣ አጽሞቹ ወጡ።

የሾፌሩን ወንድም ከሾፌሩ ጎን አሳረፉት። መርፌ ከለቀስተኛው ኋላ ቆማ ነበር። ሰው ሲበተን እናትየው አዩዋትና ቀረብ አሉ።

«ከሁለቱ የየትኛው ወዳጅ ነሽ፣ ልጄ?»

እውነቱ አፏ ድረስ መጣ። መልሳ ዋጠችው።

«መንገደኛ ነኝ እማማ። ሰው ተሰብስቦ አይቼ ነው።»

«እግዜር ይስጥሽ። መንገደኛም ይቆማል ለካ።»

ወደ አስፋልቱ ወረደች። መጀመሪያ የመጣው አውቶቡስ ላይ ወጣች። ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀችው ከተቀመጠች በኋላ ነው።