የሦስተኛው ክፍል አረንጓዴ ምልክት

ሟቹ በሦስተኛው ቀዝቃዛ ክፍል፣ በፖም ሳጥኖች መካከል፣ ገና ያልገመጠውን ፖም በእጁ እንደያዘ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ደም የለም፣ ቁስል የለም። እንዲህ ዓይነቱ ሞት ለሰው ምላስ ይመቻል። ፖሊስ እስኪደርስ ድረስ የፖም ማከማቻ ቤቱ ሰዎች ገዳይዋን አግኝተው፣ ፈርደው ጨርሰው ነበር።

«ልጁ ናት» አላት የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ኢንስፔክተሯ ከመኪናዋ ሳትወርድ። «ሌላ ሰው በመፈለግ አትድከሚ። የገዛ አባቷን በልታ ቢሮዋ ውስጥ ተቀምጣለች።»

«እርስዎ ያዩት ነገር አለ?» አለችው። እሱ «አንቺ» ቢላትም እሷ «እርስዎ» ማለቱን አልተወችም።

«ማየት ምን ያደርጋል? እወቂው ብዬሻለሁ!»

ኢንስፔክተሯ አጭርና ቀጭን፣ ድምጿም ዝግ ያለ ሴት ናት። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ በቁመቷ ብቻ ግን አይደለም።

የቤቱ ሥራ እንዲህ ነው። ፖም ለወራት ሳይበላሽ እንዲቆይ ክፍሉ ይዘጋና ኦክስጅኑ ወጥቶ በናይትሮጅን ይተካል። ፍሬው እንቅልፍ ይወስደዋል። ሰው ከገባ ግን ጥቂት ተንፍሶ፣ ሳይጮኽ ይወድቃል። ስለዚህ ድሮ ማንም ከመግባቱ በፊት አየሩ መመለሱን በመለኪያ ያረጋግጥ ነበር። ሠራተኞቹ «አባ ቁልፍ» የሚሉት ባለቤቱ ግን ድረ ገጽ ካሠራ ወዲህ መለኪያውን ናቀው። ገጹ ላይ የየክፍሉ ምልክት ይታያል፤ ቀይ ከሆነ አየር የለም፣ አረንጓዴ ከሆነ መግባት ይቻላል። ደንበኛም ቤቱ ቁጭ ብሎ ያየዋል። መለኪያ የያዘ ሠራተኛ ሲያገኝ «የሠለጠነ ቤት ነው ያለኸው፤ ስልክህን እይ!» እያለ ይስቅበት ነበር። በዚያ ጠዋት እሱም ስልኩን አየና አረንጓዴ አገኘ። በሩን በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ገባ።

ምልክቱን በፓስወርዷ እንድትቀይር የተፈቀደላት አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም ልጁ።

ልጅቷ ቢሮዋ ውስጥ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። ዓይኗ ደርቋል። ይህም ሌላ ጥፋት ሆኖ ተቆጥሮባታል።

«ከአባትሽ ጋር ትጣሉ ነበር?»

«በየቀኑ። እሱ ሳይጣላ ምሳ አይበላም። ግን ሰሞኑን ቤቱን ለእኔ እንደሚያስረክብ በሁሉም ፊት ተናገረ። ከዚያ ወዲህ የሚጠላኝ እሱ አልነበረም።»

«ምልክቱን ነክተሻል?»

«ነክቻለሁ፤ ወደ ቀይ መለስኩት። ሠራተኞቹ አባቴን ሊያወጡ ተንጋግተው ሊገቡ ነበር፤ ተከትለውት ባለቁ ነበር። አሁን ‹ማስረጃ ልታጠፋ ነው› ይሉኛል። አረንጓዴውን ግን እኔ አላደረግሁትም። ማሽኖቹን የያዘው አጎቴ ነው። እሱ ‹አየሩ ተመልሷል› ብሎ ካልደወለልኝ አልቀይርም፤ አልደወለም።»

«ታዲያ ማን ቀየረው?»

«ደንበኛ የሆነ ሁሉ ይችላል! ምልክቱን የሚያሳየው ፕለጊን ቀዳዳ አለው። ድረ ገጽ ሠሪው ራሱ በስብሰባ ላይ ደንበኛችን በሆነችው በወይዘሮ ሚዛን ስልክ ቀይሮ አሳይቶናል። አባቴም፣ አጎቴም፣ እሷም ነበሩ። አሁን ሁሉም ‹አላየንም› አሉ።» ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «አጎቴ ገዳይ ከሬሳ ኋላ አትሄድም ብሏል። እስሩን አይደለም የምፈራው፤ አባቴ ሳልቀብረው መቅረቱን ነው።»

ኢንስፔክተሯ ሰዓቷን አየች። አለቃዋ ልጅቷን እስከ ማታ ይዛ እንድትመጣ አዝዘዋታል፤ ቀብሩም ነገ ነው። በእጇ ያለው አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር።

ፕለጊን ማለት ሌላ ሰው ሠርቶት ድረ ገጽ ላይ የሚሰካ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ይህኛውን መርጦ የሰካው ድረ ገጽ ሠሪ ደግሞ የራሱን ጥላ የሚፈራ ሰው ሆኖ ተገኘ።

«ቁጭ በል» አለችው።

ወንበሩን አየ፤ በሩን አየ። «ይቻላል?»

«ይቻላል። ፕለጊኑ ቀዳዳ ነበረው?»

«ሁሉም ፕለጊን... ማለቴ... የለውም።»

«የሥራ መዝገብህን አየሁ፤ ዛሬ ጠዋት አድሰኸዋል።»

«የተለመደ አፕዴት ነው። ከነገሩ ጋር አይገናኝም።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ።»

«ኧረ እኔ መሞታቸውን መች ሰማሁ? ያደስኩት ሬሳው ከመገኘቱ በፊት ነው!» ላቡን ጠረገና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጠርሙስ አየ። «ውሃ... መጠጣት ይቻላል?»

ሰው ውሃ ለመጠጣት እንዲህ ፈቃድ ሲለምን ያሳዝናል። ኢንስፔክተሯ ግን ከማዘኗ ይልቅ ነገሩን ልብ አለችው። በኋላ ሠራተኞቹን ብትጠይቅ ምክንያቱን ነገሯት። ባለፈው መከር ሳያስፈቅድ አድሶ ገጹ ጠፍቶ ነበር፤ አባ ቁልፍ በደንበኞች ፊት በቁልፍ እስሩ ጀርባውን መትቶታል። ከዚያ ወዲህ ሳያስፈቅድ አንዲት ፊደል አይነካም።

አጎትየውን ከማሽኖቹ ክፍል አገኘችው። በማሽኖቹ ጩኸት ላይ የራሱን ጨመረበት።

«እኔ ኮምፒውተር አላውቅም፤ ስልኬም ለመደወያ ነው። ግን ምልክቱን የሚቀይረው የእሷ ፓስወርድ ብቻ ነው። ቀዳዳ ምናምን ትልሻለች አይደል? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ካላመንሽ ሂጂና የወይዘሮ ሚዛንን ስልክ ሞክሪው፤ እምቢ ይልሻል።»

«እሞክራለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ።

ወይዘሮ ሚዛን ከቤቱ ደንበኞች ትልቋ ናት። ስሙ የወጣላት ሚዛን በተነሣ ቁጥር ስለምትጨቃጨቅ ነው። ልጅቷን አትወድም፤ አለመውደዷንም አትደብቅም።

«አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ ናት» አለች። «ስብሰባ ላይ ያየሁት ነገር የለም። ስልኬንም ለማንም አልሰጠሁም። እኔን ወደዚህ ነገር አታስገቡኝ።»

«ጥሩ። እስቲ በራስሽ ስልክ የሦስተኛውን ክፍል ምልክት ለመቀየር ሞክሪ።»

ሴትየዋ ገጹን ከፈተች፤ ጣቷ ቦታውን ሳይፈልግ አገኘው። ስልኩ «አልተፈቀደልዎትም» አለ። ቅንድቧን ቋጠረች። ደገመችው። ዘግታ ከፈተችና እንደገና ሞከረች። «ምን ነካው ደግሞ ይሄ?» ብላ አጉረመረመች።

«እምቢ ስላለ ለምን ገረመሽ?»

ወይዘሮ ሚዛን ስልኩን ዘጋችው። ለመዋሸት አስባ ነበር፤ ጊዜ አጣች።

«...በዚያን ቀን ሲቀየር አይቻለሁ። ድረ ገጽ ሠሪው ልጅ በዚሁ ስልክ ነው ያሳየን። በእኔ ስም ገብቶ ስለነበር ጣጣው ወደ እኔ እንዳይዞር ፈርቼ ነው።»

«ከአባ ቁልፍ ጋር መጨረሻ የተነጋገራችሁት መቼ ነው?»

«ዛሬ ጠዋት ደወለልኝ። ድረ ገጽህ ይንቀራፈፋል፣ አሳድሰው አልኩት። ‹እኔ ሳለሁ ማንም አይነካትም› ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ ‹በይ ፖምሽን ላየው ልገባ ነው› ብሎ ዘጋው።» የተኮሳተረው ፊቷ ለአፍታ ላላ። «እኔን በጩኸት ነው የተሰናበተኝ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ኢንስፔክተሯ አራቱን በፍሬ መልቀሚያው አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። አጎትየው ከልጅቷ ፊቱን አዙሮ ቆመ። ወይዘሮ ሚዛን መሬት መሬት ታያለች። ድረ ገጽ ሠሪው ቁም ሳይባል ቆሟል።

«ቶሎ በይ» አለ አጎትየው። «ሐዘን ቤት ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

«ቶሎ እላለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ቀዳዳው ነበረ። ወይዘሮ ሚዛን ዛሬ ሦስት ጊዜ የሞከረችው ከዚህ በፊት ሲሠራ ስላየችው ነው። አንተ፣ አሁን እውነቱን ተናገር። ቀዳዳው ምን ነበር?»

ድረ ገጽ ሠሪው አጎትየውን አየና አንገቱን ደፋ። «ፕለጊኑ... ‹ግቢ ገብተሃል ወይ?› ብሎ ይጠይቃል እንጂ ‹ማን ነህ?› አይልም። በአጥሩ በር የገባ ሁሉ መኝታ ቤት ይገባል እንደ ማለት ነው። ደንበኛ ለመሆን ደግሞ የፈለጉትን ስም መጻፍ በቂ ነው። ማን እንደቀየረውም አይመዘግብም።»

«ስለዚህ ዛሬ ጠዋት፣ በእድሳቱ እስኪደፈን ድረስ፣ ቀዳዳውን የሚያውቅ ማንኛውም ሰው በማንኛውም ስልክ ምልክቱን አረንጓዴ ማድረግ ይችል ነበር። የሚያውቁት እናንተ ናችሁ። ልጅቷ ናት እንበል። ቀዳዳው ክፍት ቢቆይ ሺ ሰው ይጠረጠር ነበር፤ ሲደፈን ግን የምትቀረው እሷ ብቻ ናት። አእምሮ ያላት ሰው የራሷን መውጫ ታስደፍናለች?»

«ራሱ ያደሰው ይሆናላ!» አለ አጎትየው በጣቱ እየጠቆመ። «ያው ቆሟል!»

«እኔም አስቤው ነበር። ግን ማደስ የሚችለው እሱ ብቻ ነው፤ ገዳይ ቢሆን በዚያው ጠዋት አድሶ ጣትን ወደ ራሱ አይጠራም። ደግሞም ይህ ሰው ውሃ ለመጠጣት ፈቃድ ይጠይቃል። አባ ቁልፍ ወደ ክፍሉ ሊገቡ ሲሉ እንኳ ‹ማንም አይነካትም› ብለዋል። እንግዲህ አንድ ሰው በእሳቸው ስም ፈቃድ ሰጥቶታል። ሐሰት የሆነ ፈቃድ ደግሞ ባለቤቱ ሲጠየቅ ይጋለጣል፤ ሰጪው፣ ባለቤቱ ከዚያ ወዲያ እንደማይጠየቅ ካላወቀ በስተቀር። ፈቃዱ ሲሰጥ ሬሳው ገና አልተገኘም ነበር። ማን እንደፈቀደልህ ንገረኝ።»

 ድረ ገጽ ሠሪው በሩን አየ።

«እሷ እስክትመልስልህ ነው የምትጠብቀው?» አለች ልጅቷ አጎቷን ስታይ ቆይታ ወደ ድረ ገጽ ሠሪው ዞራ። «ተናገር እንጂ! ልታሰር ነው እኮ!»

«ጋሼ ናቸው» አለ አጎትየውን እያየ። «ጠዋት ደውለው ‹ወንድሜ ፈቅዷል፣ አሁኑኑ አድስ› አሉኝ።»

«ውሸታም!»

«እሱ ባይናገርም እርስዎ ነግረውኛል» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ድምጿን ሳታነሣ። «በስብሰባው ላይ የወይዘሮ ሚዛን ስልክ ምልክቱን ሲቀይር በዓይንዎ አይተዋል። ዛሬ ግን ያንኑ ስልክ ጠቅሰው ‹ሞክሪው፣ እምቢ ይልሻል› አሉኝ። እሷ ራሷ ያላወቀችውን፣ ኮምፒውተር የማያውቁት እርስዎ ከየት አወቁት? መደፈኑን የሚያውቀው ያደሰውና ያሳደሰው ብቻ ነው። ወንድምዎ ቤቱን ለልጃቸው ሊሰጡ ነበር። አባት ሲሞት፣ ልጅም በአባቷ ደም ስትታሰር፣ ቤቱ የሚቀረው ለእርስዎ ነው።»

አጎትየው ግራ ቀኙን አየ። ፖሊሱ ክንዱን ሲይዘው ግን ቁጣው እንጂ ፀፀቱ አልመጣም።

«እጄን አላነሣሁበትም!» ብሎ ጮኸ። «ቀለም ነው የቀየርኩት! አረንጓዴ ስላየ ግባ ያለው ማን ነው? መለኪያውን የጣለው ራሱ ነው!»

«አባቴ ያመነው ቀለሙን አይደለም» አለች ልጅቷ። «ቤቱ ውስጥ ያለነውን ነው ያመነው።»

ይዘውት ወጡ። እስከ መኪናው ድረስ ወንድሙን ሲረግም ይሰማ ነበር።

ድረ ገጽ ሠሪው ወደ ልጅቷ ተጠጋ። «ሥራዬን እንዳላጣ... ፕለጊኑን የመረጥኩት እኔ ስለሆንኩ...» አለ። ልጅቷ አልሰደበችውም፤ አላየችውምም። በአጠገቡ አልፋ ወይዘሮ ሚዛን ፊት ቆመች። ቀኑን ሙሉ የደረቀው ዓይኗ አሁን ሞልቶ ይፈስሳል።

«ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» አለቻት። «እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም።»