ኩራዙ የጠፋበት ጉድጓድ

ዘመኑ ስድሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነበር። ወሩ ሰኔ። አራት ቀን ዘንቦ በአምስተኛው አባራ፤ ሰማዩ ግን አልጠራም።

እሳቱን ተዉት ልጆቼ፤ ይክሰም። ደርብ፣ አንተ ቀረብ በል። ታናሽህም ይቅረብ።

በዚያ ሰኔ አንድ ሰው ነበር። መንደሩን ተዉት። አባቱ ሞቶበት እናቱንና ታናሽ ወንድሙን ይዞ ይኖራል። ወንድሙ አበጋዝ ይባላል። ሲስቅ ከወንዝ ማዶ ይሰማል። ሰውየው ለማግስቱ ደቦ ጠርቷል። ሠላሳ ሰው ሊያርምለት ይመጣል፤ ቤቱ ግን እህል የለም። ማሽላው ያለው ከጓሮው የእህል ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ጉድጓድ እንዴት ይከፈታል? ታውቃላችሁ። ክዳኑ ይነሣል። አንድ ቀን ሙሉ ይተነፍሳል። ከዚያ ኩራዝ ተለኩሶ በገመድ ይወርዳል። ኩራዙ ከጠፋ ውስጡ ገዳይ አየር አለ፤ ሰው አይወርድም። ይህን የማያውቅ አለ? የለም። ሰውየውም ያውቅ ነበር።

ክዳኑን እንዳነሡ ኩራዙን አወረዱት። ጠፋ።

«ጠፋ እኮ፣ አያ» አለ አበጋዝ።

«ነፋስ ነው።»

«ጉድጓድ ውስጥ ምን ነፋስ አለ? ነገ እንውረድ።»

«ነገ ሠላሳው ሰው ምን ሊበላ ነው? ያንተን ወሬ?»

«ወሬዬማ ይጣፍጣል» ብሎ ሳቀ።

«ፈርተሃል። ቆይ፣ የእማዬን ቀሚስ ላምጣልህ።»

ሳቁን አቆመ። ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረና ወረደ። አልጮኸም። ገመዱ ብቻ ከበደ። ሰውየው ሊጎትተው ጎንበስ ብሎ አንገቱን ወደ ጉድጓዱ ሲያስገባ ራሱን አዞረው፤ አፋፉ ላይ ወደቀ። ጎረቤት ደርሶ እግሩን ይዞ ጎተተው። አበጋዝንም በገመዱ አወጡት። አንዱ ተነሣ። አንዱ አልተነሣም።

«ተው ብዬው ነበር፤ እምቢ ብሎ ወረደ» አለ ሰውየው። ለቀባሪው አለ። ለቄሱ አለ። ለእናቱ አለ። እናቱ አመነችው።

ነገር ግን ራሱን ባዞረው ጊዜ ያየው ነገር አለ። ነጭ ብርሃን። በብርሃኑ ውስጥ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ያን ጀርባ ያውቀዋል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ዞር ቢልልኝና ማረኝ ብዬው ብመለስ አትሉም? እሱም እንዲህ አለ። ማረኝ የሚለው ሌላ ሰው የሌለ መሰለው። እናቱ ግን እዚያው ቤት ትተኛ ነበር።

ከሰባተኛው ቀን በኋላ ሌሊት ብቻውን ወጣ። ከጓሮው በቅንጭቡ መካከል አልፎ ሄደ። ጨረቃ የለም። ክዳኑን ገፋው። በሆዱ ተኝቶ አንገቱን አስገባ። ጆሮው ጮኸ። ከዚያ ብርሃኑ መጣ። አበጋዝ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ሰውየው ሲነቃ ትውከቱ ላይ ተኝቷል፤ እንዴት እንደ ወጣ አያውቅም።

በሁለተኛው ሌሊት እስከ ትከሻው ገባ። አበጋዝ በጎን ታየው። ጉንጩ ላይ የማሽላ ገለባ ተለጥፏል።

በሦስተኛው ሌሊት እስከ ወገቡ ገባ። አበጋዝ ዞረ።

ምን አልክ ደርብ? ምን ዓይነት ፊት ነበረው? የአበጋዝ የራሱ ፊት ነበር። የሚያስፈራውም ያ ነው።

«አበጋዝ፣ ማረኝ» አለው።

«ኩራዙ ጠፍቶ ነበር ወይስ አልጠፋም?»

«ጠፍቶ ነበር።»

«ታዲያ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ አውቃለሁ።»

ይህን ሲል ብርሃኑ ድርግም አለ። በጨለማው ውስጥ አንድ እጅ ቁርጭምጭሚቱን ጨምድዶ ያዘው!

አትጩኹ። ቁጭ በሉ። እጁ ከታች አልመጣም፤ ከላይ ነው። እናቱ ናት። ጎትታ አወጣችው። ያን ጉልበት ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለችው።

«ከአበጋዝ ጋር።»

ትጮህብኛለች ብሎ ነበር። እሷ ግን መቀነቷን ፈትታ ጫፉን ሰጠችው።

«አየኸው? በል እኔንም አውርደኝ፣ ልጄ። አንድ ጊዜ ብቻ ልየው። አንተ ያዘኝ። አንተ ሰው አትጥልም። እሱም እምቢ ብሎህ ነው እንጂ።»

ሰውየው ሙት አይቶ አልፈራም። እዚህ ላይ ፈራ።

«እምቢ አላለኝም፣ እማዬ። ኩራዙ ጠፍቶ ነበር። እሱ ነገ እንውረድ አለ። ቀሚስሽን ላምጣልህ ብዬ ያወረድኩት እኔ ነኝ።»

መቀነቷን ከእጁ ወሰደች። ታጠቀችው። ቤት ገባች። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖረች። እህል ውኃ አልከለከለችውም። ልጄ ብላ ግን አልጠራችውም።

ሲነጋ ድንጋይ መሸከም ጀመረ። ጉድጓዱን ከነማሽላው ደፈነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለቀበሩት ሰዎች ሁሉ እውነቱን ተናገረ።

ደርብ፣ ከጓሯችን ያለው የድንጋይ ክምር ምንድን ነው እያልክ ስትጠይቀኝ ኖረሃል። እኔም ከብቶቹን አስገባ እያልኩ አልፌሃለሁ። አፍሬ ነው።

ዛሬ አንተ ለነገው ደቦ ጉድጓድ ከፈትክ። ኩራዙ ሲጠፋ ታናሽህን «ሴት ነህ እንዴ?» ስትለው ከበረቱ ሆኜ ሰማሁህ። እሱም አቀርቅሮ ወደ ገመዱ ሄደ። መሽቷል ብዬ የጠራኋችሁ ለዚህ ነው።

ገመዱን አትፈልጉ። አምጥቼ ተቀምጬበታለሁ። ነገ ኩራዙን እኔ አወርደዋለሁ። ከበራ ትወርዳላችሁ። ከጠፋ ደቦው ጦሙን ይዋል፤ የሚያፍረው እኔ ነኝ።