የሠረቀብርሃን ዛጎል

የመጀመሪያው ድንጋይ ባኪ የሚሏትን የጭነት መኪናቸውን መስተዋት ሲያረግፈው አቢሶ መሪውን ጠመዘዘ። ከፊታቸው መንገዱን የዘጉት ሰዎች ጎማ እያነደዱ ነበር። መኪናዋ ከአስፋልቱ ወርዳ ወደ ተተወው የወርቅ ማዕድን ሜዳ ገባችና ብዙም ሳትሄድ ጉድጓድ ውስጥ ተሰነቀረች።

«ውረጂ ዶክተር! ከዚህ ወዲያ በእግር ነው።»

ዕፀገነት ቦርሳዋን አዘለች። ውስጡ ከአንድ የካሪቢያን ደሴት ገደል ላይ በገዛ እጇ ፈልፍላ ያመጣችው፣ ዳቦ የሚያክል ድንጋይ አለ። በአንድ ፊቱ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ ሸንተረር የበዛበት ጎባጣ ዛጎል ብቅ ብሏል፤ ስካሎፕ የሚባለው የባሕር እንስሳ ቅሪት። ከዚያ ደሴት ድሮ የታወቀው ዝርያ ጠፍጣፋ ነው። ይሄኛው ጎባጣ በመሆኑ፣ ሦስት ዓመት ሸንተረሩን ስትቆጥርና ስትለካ ኖራ፣ አዲስ ዝርያ ነው ብላ ጻፈች። ሶዌቶ ሱቁ ውስጥ በጥይት በተገደለው በወንድሟ በሠረቀብርሃን ስምም ሰየመችው። ከቀብሩ ወዲህ ግን ያንን ስም በአፏ ጠርታው አታውቅም።

ድንጋዩ ለጽሑፉ ፎቶ ተነስቶ መመለሱ ነው። ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት ሙዚየሙ ገብቶ ካልተመዘገበ ጽሑፏ አይታተምም።

ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደባቸው፤ ቆዳ የሚልጥ፣ ዕንቁላል የሚያክል ጠጠር። አቢሶ ጃኬቱን አውልቆ በቦርሳው ላይ ጣለ።

«ራስህን ሸፍን እንጂ!»

«የኔ ራስ ቢፈነከት ይሰፋል። የሠሬ ድንጋይ አንድ ነው።» አቢሶ ከሠረቀብርሃን ጋር አብሮ ነግዷል፤ ሬሳውንም ያነሳው እሱ ነው።

ከአፈሩ ክምር ጀርባ አራት ውሾች ወጡ። አንዱ ባቷን ነክሶ ጎተታት። አቢሶ በጎማ መፍቻው ብረት የውሻውን መንጋጋ ሰበረው፤ ሌሎቹ ወደ ቆሰለው ጓደኛቸው ዞረው ይዘነጣጥሉት ጀመር። እነሱም ሮጡ። የሮጡት ግን ወደ ባሰው ነበር።

«ዪማኒ!» በዙሉኛ ቁሙ ማለት ነው። ሦስት ሰዎች፣ አንድ ጠመንጃ፣ አንድ መዶሻ። ያለ ፈቃድ ወርቅ የሚቆፍሩ ናቸው።

«ባባ፣ የባሕር ድንጋይ ነው» አለ አቢሶ እጁን አንስቶ።

«ጆበርግ ባሕር የት አለና!» ተሳሳቁ። መዶሻውን የያዘው ድንጋዩን ከቦርሳዋ አውጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠ። ዕፀገነት ጮኻ ስትወድቅበት የጠመንጃው ሰደፍ ፊቷን መታት። መዶሻው አረፈ። ድንጋዩ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ወርቅ የለውም። ሰውየው ምራቁን ሊተፋ ቀና ሲል ከክምሩ አናት ጥይት ተንጣጣ፤ ባላንጣዎቻቸው ነበሩ። ባለ መዶሻው በአንገቱ ደም እየረጨ እግሯ ሥር ወደቀ። አቢሶም ጥይት ያገኘውን ትከሻውን ይዞ ተንበረከከ።

ስባሪዎቹን በቀሚሷ አፍሳ፣ አቢሶን በቀበቶው ጎትታ በአቅራቢያው ወዳለ ሸምበቆ ውስጥ ገባች። በሻርፗ ቁስሉን አሰረችና እጇን ወደ ስባሪዎቹ ስትዘረጋ ደርቃ ቀረች።

ከጎባጣው በስተጀርባ ጠፍጣፋው አለ። ያው የታወቀው። ሁለቱ በማጠፊያቸው ላይ እንደተያያዙ፣ እንስሳው በሞተበት ቀን እንደተከደኑ። አስተማሪዋ «ጀርባውንም ፈልፍለሽ እዪ» ሲላት ይሰበርብኛል ብላ እምቢ ያለችው ይህንን ነበር። የአንዱን እንስሳ ሁለት ክዳን ሁለት ዝርያ አድርጋ ጽፋለች።

«ምነው ዶክተር?»

«አዲስ አይደለም፣ አቢሶ። ድሮ ስም የወጣለት ነው። እኔ ያወጣሁለት ስም ይወድቃል።»

ጥርሱን ነክሶ ፊቱን ከስባሪዎቹ አዞረ። «በሙጫ አይያዝም? እኔ እንደሆንኩ አላየሁም።»

ይያዛል። ሙጫው ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጸለየች፤ ከዚያ ስባሪዎቹን ለየብቻ በመሐረብ ጠቀለለቻቸው።

ዋናው መንገድ ላይ አንድ የታክሲ ሹፌር ደማቸውን አይቶ ቆመ። አቢሶን ሆስፒታል አስገብታ፣ አሥር ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ያበጠ ፊቷን ይዛ ሙዚየሙ ደረሰች። መዝጋቢዋ ስትደነግጥ ዕፀገነት ብዕሩን ከእጇ ወሰደችና ከአዲሱ ስም ላይ መስመር አሰመረች። ከበላዩ የድሮውን ጻፈች፤ ቀጥላም «ሁለቱም ክዳን ሳይለያይ የተገኘ» ብላ ጨመረች።

ሲመሽ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። አቢሶ ዓይኑን ገለጠ።

«ሰረዝሽው?»

«ሰረዝኩት።»

«እንግዲህ ስሙን ማን ይጠራዋል?»

እጁን ያዘችው። «ሠሬን? እኔ እጠራዋለሁ» አለች። «ሠሬ ዛሬ ቢያየን ኖሮ ምን ይል ነበር? ንገረኝ እስቲ፤ አንተ ነህ አብረኸው የዋልከው።»